የወንዶች መጽሔት የዓመት ደንበኝነት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ በየቢሮው፣ በየካፌውና በየጸጉር ቤቱ እየዞሩ የወንዶች መጽሔት የሚሸጡ ወጣቶች አሉ። ከፒያሳ ጀምረው ሸዋ በርና ቧንቧ ውሃ ደርሰዋል። ወደ ኮምቦልቻም ወርደዋል። የሚሸጡት አንድ እትም አይደለም፤ የዓመት ደንበኝነት ነው። ዋጋው 1,800 ብር፣ በአንድ ጊዜ፣ በቅድሚያ። በየወሩ አንድ፣ በዓመት 12 እትም እጃችሁ ይገባል ይላሉ። በዚያ ላይ በሆቴል፣ በጂምና በልብስ ቤት ቅናሽ የሚያስገኝ ቪአይፒ ካርድ አለው።

አትክፈሉ። ይህን የምለው በስማ በለው አይደለም። ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬና ጸጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ ሁለቱም ከፍለዋል። እስካሁን የደረሷቸውን ሦስት እትሞች ተውሼ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤያቸዋለሁ። አራተኛው ከቀረ ወራት ተቆጥረዋል። የሸጡላቸው ልጆች የውሃ ሽታ ሆነዋል፤ መጽሔቱ ላይ ያለው ስልክም ይጠራል እንጂ አይነሳም። ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። አብዛኞቹ በኮሚሽን የሚሠሩ ናቸው፤ ራሳቸውም የተነገራቸውን ነው የሚናገሩት። ጥያቄዬ ከኋላቸው ላለው ሰው ነው።

ሻጮቹ መጽሔቱን «የኢትዮጵያ ኤስኳየር» ወይም «የእኛ ጂኪው» ብለው ነው የሚያስተዋውቁት። እንግዲያው በዚያው ሚዛን እንመዝነው። ኤስኳየር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1933 የተጀመረ የወንዶች መጽሔት ነው። ያኔ አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበር። ቢሆንም ስለ ልብስ ከሚያወራው ገጽ ጎን ሄሚንግዌይንና ፊትዝጀራልድን የመሳሰሉ ደራስያንን ያሳትም ነበር። ጂኪውም ሥሩ በ1930ዎቹ የልብስ ነጋዴዎች መጽሔት ነው። ዓመታት ቆይቶ ነው ለአጠቃላይ አንባቢ የሆነው። የዚህ ዓይነት መጽሔት ልማድ ይህ ነው። ልብስ፣ ምግብ፣ ጤና፣ መኪና፣ ጉዞ አለ፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ቁጭ ብሎ የሚነበብ ረጅም ጽሁፍ፣ በጋዜጠኛ ላብ የተሠራ ታሪክ አለ። አንባቢው ገንዘብ የሚከፍለው ለእሱ ነው። ፎቶውንማ ስልካችን ላይ በነጻ እናየዋለን።

በሦስቱ እትሞች ውስጥ ደሴን፣ ወሎን፣ ወይም ሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ረግጦ የተሠራ አንድም ጽሁፍ አላገኘሁም። ጽሁፎቹ ከየት እንደመጡ ለማወቅ ደግሞ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ሁለተኛው እትም ላይ «የመኪና ፈተና» የሚል አምድ አለ። ጸሐፊው መኪናዋን ራሱ እንደነዳት ይናገራል። ፎቶውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሪው በቀኝ በኩል ነው። የፊት ታርጋው ነጭ፣ የኋላው ቢጫ ነው። ይህ የእንግሊዝ መኪና ነው። ከእንግሊዝ መጽሔት ተነስቶ እዚህ የተለጠፈ ነው። መኪናዋ በቤንዚን የምትሠራ የቤት አውቶሞቢል ናት። ጽሁፉ «ለሚቀጥለው ዓመት እቅድ ውስጥ አስገቡ» ይላል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መከልከሉን መርካቶም ሆነ ደሴ ያለ ማንኛውም ሻጭ ይነግራችኋል። መጽሔቱ ግን አልሰማም። አንባቢውን የሚያውቅ አዘጋጅ ቢኖረው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይጽፍ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ሲወጣ ባትሪው ምን ያህል ይቀንሳል? የት ነው ቻርጅ የሚደረገው? ይህን የሚመልስልኝ ጽሁፍ ካለ እኔ በደስታ እከፍላለሁ።

ሦስተኛው እትም የባሰ ነው። በሐምሌ ወር ነው የወጣው፤ ሽፋኑ ላይ «የበጋ ልዩ እትም» ይላል። ውስጡ የዋና ቁምጣ፣ ነጠላ ጫማና የጸሐይ ክሬም ነው። በሐምሌ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፤ ደሴ ውስጥ ሰው ጃኬቱንና ጃንጥላውን ይዞ ነው የሚወጣው። ሐምሌ በጋ የሚሆነው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። ከእነሱ ቀድተው ወሩን እንኳ ማስተካከል አልፈለጉም። እዚህ ከተማ ጥሩ ሱፍ የሚሰፉ፣ አሮጌ ኮት ገልብጠው አዲስ የሚያደርጉ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ስለ ወንድ አለባበስ ለመጻፍ ከእነሱ በላይ ማን ይጠየቃል? አንዱንም አላናገሩም።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። ሁለተኛው እትም 64 ገጽ አለው። በግልጽ ማስታወቂያ የሆኑት 22 ገጾች ናቸው። ይህ ምንም አይደለም፤ መጽሔት ያለ ማስታወቂያ አይኖርም። ችግሩ የቀሩት ገጾች ላይ ነው። «ስኬታማው ወጣት ነጋዴ» በሚል ርዕስ አራት ገጽ ቃለ ምልልስ አለ። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ያ ቁጥር የጀርባ ሽፋኑ ላይ ካለው የሰዓትና የሽቶ ማስታወቂያ ቁጥር ጋር አንድ ነው። «አምስት ምርጥ ጫማዎች» የሚለው ምክር አምስቱንም ከአንድ ሱቅ ነው የመረጠው። የትኛውም ገጽ ላይ ማስታወቂያ መሆኑ አልተጻፈም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። እዚህ ግን ነጋዴው ከፍሎ ያስወጣውን ጽሁፍ አንባቢው ደግሞ 1,800 ብር ከፍሎ ያነበዋል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የጤና አምዱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። «በ21 ቀን ሙሉ ወንድ» ይላል ርዕሱ። ጡንቻ ለማውጣት አንድ ዱቄት፣ ለአልጋ ጉልበት ደግሞ አንድ ካፕሱል ይመክራል። በውስጣቸው ምን እንዳለ አይናገርም። መጠን የለም፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት የለም፣ የሐኪም ስም የለም። ማዘዣ ስልክ ግን አለ።

ወንድሞቼ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ምን እንደያዙ በማይታወቁ የአልጋ ጉልበት ካፕሱሎች ውስጥ ሲልዴናፊል የተባለው መድኃኒት ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ በተለያዩ አገሮች ብዙ ነው። ሲልዴናፊል ለልብ ሕመም ከሚሰጡት የናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በድንገት ያወርዳል፤ ሰው ሊገድል ይችላል። ወንዶች ደግሞ ይህን ነገር ለሚስታቸውም ለሐኪማቸውም ሳይናገሩ ነው የሚወስዱት። ጡንቻ ያወጣል ተብሎ የሚሸጠው ነገር ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ወይም መሰሎቹ ካሉበት ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፤ የወንድ ዘር ፍሬ መጠን ይቀንሳል። ልጅ ለመውለድ የሚያስብ ሰው ይህን ሳያውቅ ሊወስድ ነው?

ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው መልሱ ቤታችን አለ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። ክብደት የሚያነሳ ሰው ከዚያ ከፍ ያለ ያስፈልገዋል። ያልበሰለ 100 ግራም ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት አዘውትሮ የሚበላ የጂም ልጅ ያንን ዱቄት ለምን ይገዛል? አንድ የጤና አዘጋጅ ይህን ለመጻፍ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም ነበር።

ሌላም መጽሔት ቢመጣላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ማየት ያለባችሁ ነገር አለ። ሽፋኑን ገልጣችሁ የአዘጋጆቹን ገጽ ፈልጉ። የአሳታሚው ስም፣ የዋና አዘጋጁ ስም፣ አድራሻና ማተሚያ ቤቱ መጻፍ አለበት። የውጭ መጽሔት የአገር ውስጥ እትም ነኝ የሚል ከሆነ ከባለቤቱ በፈቃድ እንደሚታተም እዚያው ገጽ ላይ ይገለጻል። ኤስኳየር የኸርስት፣ ጂኪው የኮንዴ ናስት ነው፤ ሁለቱም ስማቸውን ያለ ፈቃድ አይሰጡም። እኔ ባየኋቸው ሦስት እትሞች ላይ «የዝግጅት ክፍሉ» ከሚል ቃልና ከአንድ ሞባይል ቁጥር በቀር ምንም የለም። ባርኮዱንም አየሁት። የመጽሔት ባርኮድ በ977 ነው የሚጀምረው፤ 978 የመጽሐፍ ነው። እነዚህ ላይ ያለው በ978 ይጀምራል፤ ሦስቱም ላይ ያው አንድ ቁጥር ነው። ባርኮድ የሌለው ጥሩ መጽሔት ሞልቷል። የሌላ ነገር ባርኮድ ለጌጥ የሚለጥፍ ግን ሌላውንም ነገር እንዲሁ ነው የሚሠራው።

ቪአይፒ ካርዱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ጓደኛዬ ካርዱ ጀርባ ላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ደሴ ያሉትን ጠየቀ። አንዳቸውም ስለ ካርዱ ሰምተው አያውቁም።

ክፍያውስ? በቴሌብር ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን በግለሰብ ስም ነው። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው፣ ማኅተም ብቻ የተመታበት ወረቀት ነው። ሦስት ሰው ካመጣችሁ የእናንተ በነጻ ይሆናል፤ እነሱም ሦስት ሦስት ካመጡ ኮሚሽን ታገኛላችሁ ይባላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ሰው በሰው እያስገቡ የሚሠራው የፒራሚድ ሽያጭ የተከለከለ ነው። ጓደኛችሁን ስታስገቡ ነገ ፊት ለፊት የሚጠይቃችሁ እሱ ነው፤ ሻጩ ከከተማው ወጥቷል።

የከፈላችሁ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ። ደረሰኙን፣ ካርዱንና የደረሷችሁን እትሞች አንድ ላይ አስቀምጡ። ለብቻ ከመሄድ ከአንድ መሥሪያ ቤት የከፈላችሁት ተሰባስባችሁ፣ በጽሁፍ አድርጋችሁ ወደ ከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። ጓደኛዬና ጸጉር ቆራጩ ማመልከቻቸውን አብረው አስገብተዋል። «ለማድረሻ 300 ብር ጨምሩና የቀሩትን እትሞች እንልካለን» የሚል መልእክት ለአንዳንዶች እየመጣ ነው። ለእሱ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉ፤ ሁለተኛ ክፍያ አትላኩ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ይህን ለፋብሪካ ሠራተኞች ንገሩልኝ። ሻጮቹ የሚቆሙት ደመወዝ በሚወጣበት ቀን፣ ሽፍት በሚለቀቅበት ሰዓት፣ በሩ ላይ ነው።