ከለገጣፎ ወደ ወርቅ ከተማዋ ጆሃንስበርግ፦ ጉዟችንን ስላቀደችልን ቢሮ

አጭር ጉዞ ላሰበ ሰው ለገጣፎ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ያለችውን ትንሽ የጉዞ ቢሮ ሳላመነታ እጠቁማለሁ። ባለፈው ፍልሰታ እኔና ባለቤቴ የደቡብ አፍሪካዋን ጆሃንስበርግ አይተን የተመለስነው እነሱ ባወጡልን ዕቅድ ነው። የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ወርቅ ነው፤ ከአባቴ ተምሬ እዚሁ ለገጣፎ ወርቅ ቤት ከፍቻለሁ። ጥርና ሚያዝያ ሰርጉ ስለሚደራረብ ቀና ብዬ የምተነፍስበት ጊዜ የለኝም። ፍልሰታ ሲገባ ሰርግ ይቆማል፣ ሱቁም ይቀዘቅዛል። ለጉዞ የምትተርፈኝ ያቺ ጊዜ ብቻ ናት። ዱባይን ደንበኞቼ ሁሉ አይተውታል፣ ፎቶውንም አሳይተውኛል። እኔ የናፈቀኝ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ባዶ ሜዳ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ማየት ነበር።

አዲስ አበባ መሀል ከተማ መጀመሪያ ያነጋገርኩት ወኪል የአንበሳ ፓርክ፣ የገበያ ማዕከልና ካሲኖ የተደረደረበት ዝግጁ ፓኬጅ ሰጠኝ። የለገጣፎዋ ልጅ ግን ምንም ወረቀት ሳታወጣ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ማየት ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ። ወርቁ የወጣበትን ቦታ አልኳት። ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ ደግሞ፣ «እትዬ፣ ጾሙን ትይዛላችሁ አይደል?» ብላ ጠየቀች። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የሚሄድ ሰው ስለ ጾም ሊጠየቅ እንደሚገባ የገባው ሌላ ወኪል አላጋጠመኝም። የዕቅዱ ሰዓት ሁሉ የተሠራው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው፤ ጠዋት ጉብኝት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ምግብ።

ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አንድ ረጅም መስመር ሳበች። ወርቅ ያዘለው ድንጋይ የሚሄደው በዚህ አቅጣጫ ስለሆነ የድሮዎቹ የማዕድን ጉድጓዶችም፣ የተረፈ አፈሩ ክምርም በዚሁ መስመር ላይ ነው ያሉት። ጎልድ ሪፍ ሲቲ የሚባለው መዝናኛና የአፓርታይድ ሙዚየሙ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጥቁር ሠራተኞች እንዲኖሩበት የተከለለው ሰፈር ሶዌቶ ከእነሱ ወደ ምዕራብ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን አደረገቻቸው። ሰሜን ያሉትን የሀብታም ሰፈሮች ሰርዛ፣ መሀል ከተማውን ለሁለተኛው ቀን ያዘችው። አጭር ጊዜ ላለው ሰው መኪና ውስጥ የሚባክን ሰዓት ያንገበግባል፤ እኛ ግን መንገድ ላይ ያባከንነው ጊዜ የለም ማለት እችላለሁ።

የወርቁ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ላንግላክተ በሚባል እርሻ ላይ ወርቅ ያዘለው ድንጋይ ተገኘ። አገኘ ተብሎ ስሙ የሚነሳው ጆርጅ ሃሪሰን ድርሻውን በ10 ፓውንድ ሸጦ እንደሄደ ይነገራል። ከተማዋ በዚያው ዓመት ተቆረቆረች፤ 10 ዓመት ሳይሞላት 100,000 ያህል ሰው ሰፈረባት። እኔን ያስገረመኝ የወርቁ ዓይነት ነው። የአዶላን ወርቅ እናውቀዋለን፤ ወንዝ ዳር በገበቴ ታጥቦ ሲወጣ በዓይን ይታያል። የእነሱ ግን ጠጠር ባዘለ ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ነገር ነው፣ በዓይን አይለይም። ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። ድንጋዩ ከጥልቅ ይወጣል፣ ይደቅቃል፣ በሳያናይድ ይታጠባል። አንድ ሰው አካፋና ገበቴ ይዞ የሚችለው ሥራ አይደለም። ከተማዋ ገና ከጅምሩ በትልልቅ ኩባንያዎችና ከየአገሩ በሚመጡ የጉልበት ሠራተኞች እጅ የገባችው ለዚህ ነው። ይህን ካልተረዱ ሶዌቶ ለምን እዚያ እንደሆነ አይገባም።

ጎልድ ሪፍ ሲቲ የተሠራው በአሮጌው የክራውን ማይንስ የወርቅ ማዕድን 14ኛ ጉድጓድ ላይ ነው። ዛሬ የልጆች መጫወቻ በዝቶበታል፣ ጫጫታውም አይጣል ነው። እኛ ግን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ኮፍያና ባትሪ ሰጥተውን በአሳንሰር ወረድን። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እርጥብ ነው። አስጎብኚው መብራት ሲያጠፋ የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። ወጥተን ወርቅ ሲቀልጥ የሚያሳዩበት ክፍል ገባን። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ እንደሚቀልጥ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ የእኔ ማቅለጫ ግን መዳፍ ላይ የምታርፍ ናት። እዚያ ትልቁን ማቅለጫ በረጅም መቆንጠጫ አንስተው ሲያዘነብሉት የቀለጠው ወርቅ እንደ ማር ተስቦ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገባ። ዳር ዳሩ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቢጫነቱ ከዳር ወደ መሀል እየገባ መጣ። ሌላው ጎብኚ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል፤ እኔ የሠራተኛውን የእጅ አንጓ ነበር የማየው። አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ለዚያች ደቂቃ ብቻ ብሄድም አይቆጨኝም ነበር።

የአፓርታይድ ሙዚየሙ መግቢያ ላይ ትኬቱ ራሱ ሰውን በዘር ይለያል፤ ለማን የትኛው እንደሚደርሰው በዕድል ነው። ለእኔ «ነጭ ያልሆነ» ደረሰኝ፣ ለባለቤቴ «ነጭ»። በተለያየ በር ገብተን፣ በብረት ፍርግርግ ተለያይተን ጎን ለጎን ሄድን። እየሳቀች ነው የገባችው፤ በመሀል ግን ሳቋ ጠፋ፣ በፍርግርጉ በኩል እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ሌላውን አልተርክም፤ ራሳችሁ እዩት።

ሶዌቶ ላይ ቪላካዚ ጎዳና ያለውን የማንዴላን ቤት አየን። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ቁጥሩ 8115። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 እዚህ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰዱ ለአስጎብኚያችን ስነግረው ያውቀው ነበር፤ ሌሎቹ ጎብኚዎች ግን ዞረው አዩን። ኮራሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1976 በተማሪዎች ሰልፍ ላይ የተገደለው የታዳጊው ሄክተር ፒተርሰን መታሰቢያም እዚያው አቅራቢያ ነው።

በሁለተኛው ቀን ኮንስቲቱሽን ሂል ሄድን። ጋንዲም ማንዴላም የታሰሩበት የድሮው እስር ቤት ግቢ ነው፤ ዛሬ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ለምሳ ጄፒ ወደሚባለው የሐበሻ ገበያ ወሰዱን። ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩ ፎቆች ዛሬ ከላይ እስከ ታች የሐበሻ ሱቅ ሆነዋል። ደረጃው ላይ በርበሬና ጥሬ ቡና ይሸተታል፣ ነጠላና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በያይነቱ ቀረበልን፤ ሽሮውን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። መሀል ከተማው ለብቻ የሚንሸራሸሩበት ቦታ አይደለም። ቢሮዋ አስጎብኚ ያዘችልን፣ ስልክም ኪስ ውስጥ እንዲሆን አስጠንቅቃን ነበር። ወንድሞቻችን እዚያ ሱቅ የከፈቱት ምን ያህል መከራ ችለው እንደሆነ በዓይን አይቶ መመለስ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የቆጨኝ ይኸውና። ስታንዳርድ ባንክ ህንጻ ሥር፣ ህንጻው ሲሠራ የተገኘ የፌሬራ የማዕድን ጉድጓድ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ድንጋዩን የፈለፈሉበት። ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ለእሁድ ነበር። ባንክ እሁድ ዝግ ነው፣ በሩ ላይ ደርሰን ተመለስን። ለወርቅ ሠሪ ከዚያ የበለጠ ቦታ አልነበረም። ስመለስ ለልጅቷ ነገርኳት፤ ሰበብ አልደረደረችም፣ ከአገልግሎት ክፍያው ግማሹን መለሰችልኝ። ያም ሆኖ ቀድሞ መጣራት የነበረበት ነገር ነው።

ለዕቅዱ የከፈልነው 4,000 ብር ነበር፤ ትኬት፣ ሆቴልና አስጎብኚ ለብቻ ናቸው። የቪዛ ማመልከቻውን ሞልታ፣ የባንክ ስቴትመንቱን አይታ አስተካክላልናለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሳይዙ እንዳይሄዱ፤ ይጠየቃል። በረራው ቀጥታ ነው፣ ሰዓታቸውም ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ጋ ዶፍ ሲወርድ እዚያ ደረቅ ክረምት ነው፤ ጠዋቱ ይቆነጥጣል፣ ነፋሱ ከአፈር ክምሩ ቢጫ አቧራ ያነሳል፤ ጋቢና የዓይን መነጽር ያዙ። የሶኬታቸው ቀዳዳ ትልልቅና ክብ ነው፣ የእኛ ቻርጀር አይገባም። ዕቅዱን ስትቀበሉ ደግሞ እያንዳንዱ ቦታ በየትኛው ቀን ክፍት እንደሆነ አብራ እንድትጽፍላችሁ ጠይቁ፤ ለእኛ የሚቀጥለውን ጉዞ ከወዲሁ ከሐሙስ እንዲጀምር አድርጋ፣ ዓርብ ጠዋትን ለፌሬራ ጉድጓድ ይዛልናለች።