የጦስኝ ሻይ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እና የዕጣን ዘይት፦ ለታማሚ የሚበጀው የትኛው ነው?

በክረምቱ መግቢያ አንዲት ሴት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ሦስት ነገር ይዘው መጡ። አንደኛው ከሰኞ ገበያ የገዙት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ጦስኝ ነበር። ሁለተኛው ኮምቦልቻ የሚኖሩት ወንድማቸው የላኩት አንድ ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሲሆን፣ ሦስተኛው «ንጹህ የዕጣን ዘይት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብልቃጥ ነው። እናታቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል የሚያስቸግራቸው፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ናቸው። «እነዚህ ሲያልቁ ደግሜ ልገዛ የምችለው አንዱን ብቻ ነው፤ ለእናቴ የሚሻላት የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱን በአንድ ቃል መስጠት አልቻልኩም። ሦስቱን ዕቃዎች የሚለያያቸው ዕፅዋቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከዕፅዋቱ ውስጥ የተፈለገው ነገር የወጣበት መንገድ ጭምር ነው። ስለዚህም በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ የሚገዛ ሰው «የምን ዘይት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እንዴት ወጣ? ከምንስ ጋር ተቀላቀለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የእነዚህን ዕፅዋት መዓዛ በአብዛኛው የሚሸከሙት ተርፒን የሚባሉ ውሁዶች ናቸው። ተርፒኖች 5 የካርቦን አቶም ካለው አይሶፕሪን ከሚባል ክፍል እየተቀጣጠሉ ይሠራሉ፤ 10 ካርቦን ያላቸው ሞኖተርፒን፣ 15 ያላቸው ሴስኪተርፒን፣ 30 ያላቸው ደግሞ ትራይተርፒን ይባላሉ። ይህ ቁጥር ለገዢ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው፦ ቀላሎቹ ይተናሉ፣ ስለዚህም ይሸታሉ፤ ከባዶቹ ግን አይተኑም፣ ስለማይተኑም በአፍንጫ አይታወቁም። በሎሚ ልጣጭ ውስጥ ያለው ሊሞኒን፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ያለው ሲኒኦል፣ ለኮሰረት ጠረኑን የሚሰጠው ሊናሎል፣ ጦስኝን ጦስኝ የሚያሰኙት ታይሞልና ካርቫክሮል ሁሉም ከቀላሎቹ ወገን ናቸው።

ተርፒን የሚለውን ቃል የአገራችን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ውጭ ካሉ ዘመዶቹ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች በሐኪም ማረጋገጫ ካናቢስ (ሐሺሽ) የሚገዙ ታማሚዎች የተጠናከሩ ዝግጅቶችን በተርፒን ይዘታቸው እየለዩ ይመርጣሉ። በኢትዮጵያ ካናቢስ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ መግዛቱም ሆነ በዘመድ ሻንጣ ማስመጣቱ በወንጀል ያስጠይቃል፤ በዚህ ንጽጽርም ውስጥ አላካተትኩትም። ሆኖም ከዚያ ገበያ አንድ ቁም ነገር እንወስዳለን። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ለሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች የፈቀደው ኤፒዲዮሌክስ፣ ከካናቢስ ተጣርቶ በሰሊጥ ዘይት ውስጥ የተሟሟ ካናቢዲዮል የተባለ ውሁድ ነው። መጠኑ በሚሊ ግራም ተለክቶ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ በመዓዛው የተመረጠ ድብልቅ አይደለም። ሽታና ፈዋሽነት አንድ ላይ የሚሄዱበት ጊዜ ቢኖርም፣ ተለያይተው የሚገኙበት ጊዜ እንደሚበዛ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ሦስቱ ዕቃዎች ስመለስ፣ የመጀመሪያው መንገድ በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ ነው፤ ከሁሉ ደካማው፣ በዚያው ልክም ከሁሉ የማያሰጋው የጦስኝ ሻይ ነው። ተርፒን በውኃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ወደ ሲኒው የሚገባው ጥቂት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ክዳን ካልተደረገበት ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ የእኛው ጦስኝ ዘመድ የሆነውን የአውሮፓ ጦስኝ፣ ከጉንፋን ጋር ለሚመጣ አክታ ያለው ሳል፣ በቆየ ልማዳዊ አጠቃቀሙ ተቀብሎታል፤ መጠኑም በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ከ1 እስከ 2 ግራም፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ጦስኙን ከድኖ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት ተገቢ ነው። ከወሎ ደጋ የሚወርደውን ጦስኝ ስትገዙ ቅጠሉን በጣታችሁ እሹት፤ መዓዛው ወዲያው ብድግ ካላለ ዓመት ያለፈው ወይም ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በዘይት መዘፍዘፍ ወይም መጭመቅ ነው። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረትና በሶብላ የሚጨምሩት፣ የወሎ ሴቶችም ለጸጉራቸው ቅቤን ከአደስ ጋር የሚለውሱት፣ ተርፒን ከውኃ ይልቅ ስብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚገባ ነው፤ በሥራው ላይ ያለው ዕውቀት ከስሙ በፊት ቤታችን ውስጥ ነበረ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ዘይት ከሻይ ጠንከር፣ ከሚተነው ዘይት ደግሞ በእጅጉ ለዘብ ያለ ስለሆነ ለቆዳ ይስማማል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከዚህ ወገን ቢሆንም የራሱ ጠባይ አለው። ከፍሬው የሚጨመቀው አብዛኛው ክፍል የማይተን ቅባት ሲሆን፣ ብዙ የሚነገርለት ታይሞኪኖን የተባለው ውሁድ የሚገኘው በውስጡ ባለው አነስተኛ የሚተን ክፍል ነው። ፍሬው በጣም ተቆልቶ ወይም በጋለ መጭመቂያ ከወጣ ይህ ክፍል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያለ ሙቀት የተጨመቀውን መምረጥ ለዋጋው ልዩነት በቂ ምክንያት አለው።

በአረጋውያን ጉልበት ላይ በመቀባት የተደረጉ ጥቂት አነስተኛ ጥናቶች የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀል ጠቁመዋል። መጠጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የደም ስኳርንም ሆነ የደም ግፊትን ጥቂት ዝቅ የማድረግ ጠባይ ስላለው፣ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በላዩ ላይ ማንኪያ ሙሉ ሲጨምር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችም ለሐኪማቸው ሳይነግሩ መጀመር የለባቸውም። እኒህ ሴት ለእናታቸው ጠዋትና ማታ በባዶ ሆድ ይሰጧቸው እንደነበር ሲነግሩኝ ደነገጥኩ፤ ላቡ፣ መንቀጥቀጡና ማዞሩ ነበረባቸው ወይ ብዬ ስጠይቅ «አንዳንድ ቀን» አሉኝ። ቢያንስ መጠጣቱ በዚያው ቀን እንዲቆም፣ ስኳራቸውም እንዲለካ ነገርኳቸው።

ሦስተኛው መንገድ በእንፋሎት ማንጠር ሲሆን፣ ጥንቃቄው መጠንከር ያለበት እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ ከአረቄ አወጣጥ ጋር ይመሳሰላል፦ እንፋሎት በቅጠሉ ውስጥ ያልፋል፣ የሚተነውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ከ1 ኪሎ ግራም ደረቅ ጦስኝ የሚወጣው ዘይት በግምት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። እንግዲህ አንዲት የሻይ ማንኪያ የተነጠረ የጦስኝ ዘይት ማለት የበርካታ መቶ ግራም ቅጠል ጉልበት ማለት ነው። ይህን ያህል የተጠናከረ ነገር በሻዩ ልክ አስቦ መጠጣት አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ በጥቂት ሚሊ ሊትር ሕፃንን ራስን ሊያስትና ሊያንቀጠቅጥ የሚችል ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፊትና አፍንጫ አካባቢ የባሕር ዛፍም ሆነ የናና ዘይት መቀባት ትንፋሽን ሊያግድ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲኒኦልና ካምፎር ከበዛባቸው እንደ ባሕር ዛፍና የጥብስ ቅጠል ካሉ የተነጠሩ ዘይቶች ይራቅ፤ አስም ያለበትም ሽታው ራሱ ሊቀሰቅስበት ይችላል። ለቆዳ የሚውል ከሆነ በሰሊጥ ወይም በኑግ ዘይት ይቅለል፤ ለአዋቂ ሰው በ30 ሚሊ ሊትር ማቅለያ ዘይት 12 ጠብታ ያህል፣ ማለትም ወደ 2 በመቶ ገደማ ይበቃል።

የዕጣኑ ብልቃጥ የሚመደበው እዚህ ነው፤ ከሦስቱም ገዢን ይበልጥ የሚያሳስተው እርሱ ነው። ዕጣን ለመገጣጠሚያ ሕመም ይጠቅማል የሚለው ወሬ መነሻ አለው፦ ከሕንዱ ዕጣን ሙጫ የተዘጋጁ እንክብሎች በጉልበት ሕመምተኞች ላይ ተሞክረው መጠነኛ ማስታገስ አሳይተዋል፣ ጥናቶቹ አነስተኛና አጭር ጊዜ የወሰዱ ቢሆኑም። ለውጤቱ የሚጠቀሱት ቦስዌሊክ አሲዶች በእኛም አገር ዕጣን ሙጫ ውስጥ አሉ። ነገር ግን እነዚህ አሲዶች 30 ካርቦን ከተሸከሙት ከከባዶቹ ወገን ስለሆኑ ከእንፋሎት ጋር አይነሡም፤ ማንጠሪያው ሥር ከሚቀረው ሙጫ ጋር ይጣላሉ። ወደ ብልቃጡ የሚገባው የሚሸተው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በእኛው ዕጣን ዘይት ውስጥ የሚበዛው ኦክቲል አሲቴት ጭራሹን ተርፒን እንኳ አይደለም። ስለዚህ የዕጣንን ዘይት ለጉልበት የሚገዛ ሰው፣ ጥናት የተደረገበትን ነገር ትቶ ሽታውን ገዝቷል ማለት ነው። ለቤት መዓዛ የፈለገው ሰው ግን አልተሳሳተም፤ ደስ የሚል ዘይት ነው። (ሳል ያለባቸው ሰው ባሉበት ቤት ቡና ሲፈላ የዕጣኑ ማጨሻ ከእርሳቸው ራቅ ቢል መልካም ነው፤ ጭሱ ጭስ ነውና ሳሉን ያብሳል።)

ሌሎቹን ዕፅዋት በአጭሩ ልለፋቸው። ለምች የሚታሸው ዳማከሴ እርጥቡ ቅጠል እንጂ በብልቃጥ የሚሸጠው አያስፈልግም። ጤና አዳም በቡና ላይ አንዲት ቅርንጫፍ መሆኑ አያስጨንቅም፤ ዘይቱ ግን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፣ ጭማቂውም ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል።

ስትገዙ ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ ይሁን፤ የሚተን ዘይት ፕላስቲክን ይበላል፣ ብርሃንም ዘይቱን ያበላሻል። ሊሞኒንና ሊናሎል አየር አግኝተው ሲቆዩ ቆዳን ወደሚያስቆጣ ነገር ስለሚለወጡ፣ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 650 ሜትር ዝቅ ያለችና የምትሞቅ በመሆኗ፣ እዚያ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የቆየ የኑግ ዘይት ዓይነት ሽታ ካመጣ ይጣል። «የተነጠረ ነው» የተባለውን ለመፈተን አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና እስከ ማግሥቱ አቆዩት፤ ጎላ ያለ የቅባት ምልክት ከተወ የምግብ ዘይት ሳይቀላቀልበት አልቀረም። ሻጩ ለመድኃኒትነት ነው ካላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምዝገባ ቁጥር እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

የሴቲቱን ብልቃጥ በዚሁ መንገድ ሞከርነው፤ በማግሥቱ ሲመለሱ ወረቀቱ ላይ የሳንቲም ያህል የቅባት ክብ ነበረ። የእናታቸውንም የክትትል ካርድ ይዘው መጥተው ነበርና ተመለከትኩት። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ኢናላፕሪል ነው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰዎች ላይ አክታ የሌለው፣ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ሳሉ ከመጣባቸውም ሦስት ወር አልፎታል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል በአገራችን መመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ስለሚያስፈልገው አክታም ሆነ ደረት እንዲታይ፣ መድኃኒቱም በሐኪም ፈቃድ ብቻ በሌላ እንዲለወጥ የሚጠይቅ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ለክትትል ሐኪማቸው ላክሁላቸው። ለጉልበታቸው ከሦስቱም ይልቅ የተሻለ ማስረጃ ያለው ዳይክሎፌናክ የተባለው የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ መሆኑን ነገርኳቸው። የጥቁር አዝሙዱ ዘይት ለመቀባት ብቻ ቀረ፣ ጦስኙም ለጉንፋን ጊዜ ተቀመጠ፤ ደግመው የሚገዙትም ጦስኙን እንደሆነ ነግረውኝ፣ የዕጣኑን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ።