ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ፦ ነጂው አንደኛ፣ ላይፍ ጃኬቱ ግን...

ስለ ዋጋውና ስለ ወንበሩ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ንግድ መርከብ ላይ ስለሠራሁ ጀልባ ስሳፈር ዓይኔ የነጂው እጅ ላይ ነው።

የተሳፈርንባት የብረት ጀልባ ናት። አንድ ፕሮፔለር አላት፣ ከፕሮፔለሩ ኋላ ደግሞ አንድ መሪ። እንዲህ ያለች ጀልባ ዝግ ስትል መሪዋ የሚሠራው ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ሲመታው ነው። ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከለቀቁባት፣ መሪውን የቱንም ያህል ቢያዞሩት እምብዛም አትሰማም። ጀማሪ ዳር ሲደርስ የሚደናገጠው ለዚህ ነው።

የእኛው ሰው አልተደናገጠም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት መውረጃው ጋ ስንቃረብ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ሸሸችበት። መሪውን ሙሉ ወደ ግራ አዞረ፣ አንዴ ጋዝ ሰጣትና ወዲያው ለቀቀ። ሳትፈጥን ዞረች። ከዚያ በግራ ጎኗ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ አስገባትና የኋላ ማርሽ አስገባ። ወደ ፊት ሲነዳ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ፕሮፔለር፣ ወደ ኋላ ሲሠራ የጀልባዋን ኋላ ወደ ግራ ይስበዋል። ትልልቅ መርከቦችም ላይ ያው ነው። ኋላዋ ራሱ መጥቶ ድንጋዩ ጋ ልጥፍ አለ። በእውነት ጎበዝ ነው!

የት እንደተማረው ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ወደ ኋላ ስላት እሷ ራሷ ግራ ትወዳለች» አለኝ።

ስንመለስ ግን አናደደኝ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ሙሉ ጋዝ ለቀቀባት። ውሃው ሲያንስ ከሆዷ ሥር የሚያልፈው ይጠብበታል፣ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ጀልባዋ ወደ ታች ትሳባለች፣ መዞሪያዋም ይሰፋል። ኋላዋ ቁጭ ሲል፣ ከበስተኋላችን ጭቃ የመሰለ ማዕበል ሲነሣ አየሁ። ቀንስ ብለው ሳቀብኝ። ድንገት ታንኳ ቢገባበትስ?

ላይፍ ጃኬትም ካልጠየቁ አይሰጥም። ለልጆች የሚሆን ደግሞ ጭራሽ አልነበረም።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሣ በጠዋት ውጡ። ዋጋውንም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁም ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።