ስምንት ወር ከፓወር ስቴሽን ጋር፦ መብራት በቀጠሮ የሚሄድበት ሰፈር

አዲስ አበባ ላደገ ሰው መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። ሻማው የት እንዳለ በጨለማም ያውቃል። እኔን የገረመኝ በቀጠሮ መሄዱ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ተከራይተን በገባን ዓመት ስልኬ ላይ ከመብራት ኩባንያው መልእክት መጣ፦ ከሁለት ቀን በኋላ ኃይለኛ ንፋስ ስለሚጠበቅ መብራት ልናጠፋ እንችላለን። ለእማዬ ሳነብላት “መቼም ደግ ናቸው፣ ቀድመው ይናገራሉ” አለች።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ከበጋው በኋላ ዲያብሎ የሚሉት ደረቅ ንፋስ ይነሳል። ሣሩ ለወራት ዝናብ ስላላየ ክው ብሏል። በዚያ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢበጠስ በቃ። በፈረንጆቹ 2018 ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ያወደመውና 85 ሰው የገደለው እሳት የተነሳው ከኤሌክትሪክ መስመር ነው። የእኛም ኮረብታ በ1991 ተቃጥሎ 25 ሰው ሞቶበታል። ያኔ እሳቱን ካባባሱት አንዱ ባሕር ዛፍ ነበር። አዎ፣ ያው እንጦጦ ላይ የምናውቀው ባሕር ዛፍ። ስለዚህ መብራቱን ስላጠፉ አልናደድም። ጭንቀቴ ፍሪጁ ነው።

ባለፈው አፕሪል 1024 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ፓወር ስቴሽን፣ ማለትም ዕቃ የሚሰካበት ትልቅ የባትሪ ሳጥን፣ 700 ዶላር አካባቢ ገዛሁ። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ይከብዳል፣ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ጄኔሬተር አላማረኝም። ጭሱ ይገድላል፣ ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ መቀመጥ አለበት፣ እኔ ያለኝ ደግሞ አንድ በረንዳ ነው።

ዛሬ ምን ልግዛ ብትሉኝ ግን መጀመሪያ የምጠቁማችሁ ሳጥኑን አይደለም። 25 ዶላር ያወጣሁባትን የዋት መለኪያ ነው። ሶኬቱ ላይ ትሰኳታላችሁ፣ ፍሪጁን እሷ ላይ ትሰካላችሁ፣ አንድ ቀን ትተዋላችሁ። የእኛ ፍሪጅ በ24 ሰዓት 1300 ዋት-ሰዓት በላ። ሳጥኑ ላይ 1024 ይበል እንጂ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ እኔ ጋ የሚደርሰው 890 አካባቢ ነው። ፍሪጁን ብቻ ባበላው 16 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ “ሁለት ቀን ይይዘናል” እያልኩ ለሰው ሳወራ ከርሜአለሁ።

የመጀመሪያው መጥፋት ኦክቶበር ላይ 31 ሰዓት ቆየ። እማዬ እህቴ ጋ ሳክራሜንቶ ሄዳ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ፍሪጁን ሳጥኑ ላይ ሰክቼ በኩራት ተኛሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ስነሳ ኩሽናው ጭጭ ብሏል። ሳጥኑ 82 ከመቶ ያሳያል፣ ፍሪጁ ግን ጠፍቷል። ሂሳቡን ስሠራው ወደ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የጠፋው።

ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት። ሳጥኑ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ፣ የሚወጣው ዋት ሲያንስ “ምንም አልተሰካም” ይልና ሶኬቱን በራሱ ይዘጋል። የፍሪጅ ሞተር ደግሞ ሲያርፍ ምንም አይስብም ማለት ይቻላል። ማስተካከያው አለ፣ ግን አፑ ውስጥ ተቀብሯል። አፑ ደግሞ ልክ ያን ሌሊት የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ዋይፋዩ ከመብራቱ ጋር ሄዷል፣ የስልኩም ኔትወርክ ሞቷል። መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል የተሠራ ዕቃ ያለ ኢንተርኔት አላዝዝህም ሲል ምን ይባላል? በመጨረሻ አንዲት 20 ዋት የምትበላ የጠረጴዛ መብራት አብሬ ሰካሁ። እሷ ስትበራ ሳጥኑም ነቅቶ ቆየ።

በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ምግብ ይጠብቃል፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት። የእኛ ፍሪጅ 4 ሰዓቱን አልፎ ስለነበር ሥጋውንና ወተቱን ጣልኩ። ፍሪዘሩ አልተነካም። አሁን ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ባዶ ቦታውን በውሃ ጠርሙስ እሞላና አስቀድሜ አቀዘቅዛለሁ።

ሁለተኛው 19 ሰዓት ነበር፣ ያኔ እማዬ ቤት ናት። ማታ ማታ ሲፓፕ፣ ማለትም የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽን ትጠቀማለች። ቀደም ብዬ ስሞክረው ከነውሃ ማሞቂያው በአንድ ሌሊት 40 ከመቶ በልቶብኝ ነበር። ማሞቂያውን አጥፍቼ፣ ከኢንቨርተሩ ይልቅ በ12 ቮልት ገመድ ሳገናኘው 9 ከመቶ ብቻ። ጠዋት “ጉሮሮዬ ደረቀ” ብላ ሻይ ጠየቀች፣ ሌላ ቅሬታ የለም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሜዲካል ቤዝላይን በሚባለው ፕሮግራም አስመዝግቡ። የመብራት ሂሳቡም ይቀንሳል፣ ከመጥፋቱ በፊትም ተጨማሪ ማሳወቂያ ይደርሳችኋል።

ቅሬታዋ የመጣው በምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 1500 ዋት ይፈልጋል። ሳጥኑ እስከ 1800 ስለሚችል ያስነሳዋል፣ ግን በ35 ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። “700 ዶላር አውጥተህ እንጀራ የማይጋግር?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡናው በጋዙ ምድጃ ተፈላ፣ በክብሪት ለኩሰን።

አብሬ የገዛሁት 200 ዋት የሚታጠፍ ሶላር አሳፍሮኛል። በጥሩ ፀሐይ 130 አይቼበታለሁ። ግን አስቡት፣ መብራቱ የሚጠፋው በንፋስ ምክንያት ነው፣ ፓነሉ ደግሞ እንደ ሸራ ነው። በረንዳው ላይ ዘርግቼ ዞር ስል ተነሥቶ ተከሰከሰ፣ አንዱ ጥግ ተሰነጠቀ። ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ጎረቤቴም ጨለማ ውስጥ ነበር። ባትሪ የሌለው የጣሪያ ሶላር መስመሩ ሲጠፋ የጥገና ሠራተኞችን እንዳይጎዳ አብሮ ይጠፋል። ሰውየው ስልኩን ይዞ እኛ ጋ መጣ።

ሌላ ደግሞ፦ ንፋሱ ቆመ ማለት መብራት መጣ ማለት አይደለም። ሽቦው በሙሉ ተፈትሾ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የንፋሱን ትንበያ ብቻ አይታችሁ ባትሪውን አትጨርሱ።

በተረፈ ሳጥኑ ቻርጅ ሲያደርግ ማራገቢያው ይጮኻል። መቶኛውም አይታመንም፤ አንዴ ከ14 ወደ ዜሮ ወርዶብኛል። በየጥቂት ወሩ እስከ ታች አውርዶ መልሶ መሙላት ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው።

እንደገና እገዛው ነበር? ሳጥኑን አዎ፣ ፓነሉን አይ። የአየር ማቀዝቀዣ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ ይነዳልኛል ብላችሁ ግን አትግዙት። አሁን ዝናቡ ጀምሯል። 60 ከመቶ ላይ አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ የጠረጴዛ መብራቷም አጠገቡ ናት።