የማይንክራፍት መንደርተኞች ገበያ በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን

እህል በረንዳ አካባቢ ባለ አንድ የጅምላ መጋዘን ሂሳብ እይዛለሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ የሚሰማው ዋጋ ነው። ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ጠፋ፣ ገባ። ማታ ቤት ስገባ ከእህቴ ልጅ ጋር ማይንክራፍት የሚባለውን፣ በብሎክ የሚቆፈርበትንና የሚገነባበትን የኮምፒውተር ጨዋታ እንጫወታለን። እሱ መቆፈርና መገንባት ይወዳል። ንግዱ የኔ ነው። ገና ጨዋታውን ሳንከፍት «አክስቴ፣ ስንት ኤመራልድ ቀረን?» ይለኛል። ኤመራልድ በጨዋታው ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል አረንጓዴ ዕንቁ ነው።

ስለዚህ ስለ ጨዋታው በሙሉ አልጽፍም። ስለ ግንባታው፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ ዘንዶው የጻፈ ሞልቷል። የምገመግመው ከመንደርተኞቹ፣ ማለትም ጨዋታው ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው የመንደር ሰዎች ጋር የሚደረገውን ንግድ ብቻ ነው። ብዙ ጨዋታ ላይ ሱቅ ማለት ንቅንቅ የማይል የዋጋ ዝርዝር ነው። ገንዘብ ካላችሁ ትገዛላችሁ፣ ከሌላችሁ ትወጣላችሁ፣ ሻጩ ማን እንደሆናችሁ ግድ የለውም። ማይንክራፍት ላይ ሻጩ ያውቃችኋል። ዋጋውም እንደ አያያዛችሁ ይለወጣል። ለኔ የዚህ ገበያ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የምንጫወተው በኮምፒውተር ጃቫ ኤዲሽን የሚባለውን ነው። በስልክና በኮንሶል ያለው ቤድሮክ በአንዳንድ ዋጋና ሕግ ስለሚለይ፣ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የጃቫ ናቸው።

ትንሽ ታሪክ። መንደርተኞቹ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በይፋ ሲወጣ ነበሩ፤ ግን ከመዞር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ንግዱ የመጣው በ2012 1.3 ከሚባለው የጨዋታው ዕትም ጋር ነው፣ ኤመራልድም አብሮ መጣ። አሁን የምናውቀው መልክ የተሰጠው ግን በ2019፣ በ1.14 ነው። ያኔ ሙያ ከሥራ ዕቃ ጋር ተሳሰረ። ሥራ የሌለው መንደርተኛ አጠገብ አትሮንስ ብታስቀምጡ ላይብረሪያን፣ ማለትም የመጻሕፍት ሰው ይሆናል። የብስባሽ ማዘጋጃ ካስቀመጣችሁ ገበሬ፣ የሽመና ዕቃ ካስቀመጣችሁ እረኛ፣ በርሜል ካስቀመጣችሁ ዓሣ አጥማጅ። አረንጓዴ ካባ የለበሰው ብቻ ምን ብታቀርቡለት ሙያ አይዝም። ብትነኩት ራሱን ይነቀንቃል፣ አለቀ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ስንዴ በእጃችሁ ይዛችሁ የሚገዛ ገበሬ ፊት ቁሙ፣ ምንም አትጫኑ። ሁሌም ደረቱ ላይ የተጣጠፉት እጆቹ መሃል ኤመራልድ ብቅ ይላል። ይሄን እሰጥሻለሁ ማለቱ ነው። ስንዴውን ስታስቀምጡት ኤመራልዱም ይጠፋል። ቋንቋ የለውም፣ በአፍንጫው «እህም» ከማለት በቀር ቃል አያወጣም፤ ግን የሚፈልገውንና የሚሰጠውን ሳያናግራችሁ ነገራችሁ። ወገቡ ላይ ደግሞ ትንሽ ምልክት አለች። ጀማሪ ሲሆን የድንጋይ፣ ከዚያ የብረት፣ የወርቅ፣ የኤመራልድ፣ መጨረሻ ላይ የአልማዝ። ይህን ማዕረግ የሚወጣው ከእሱ ጋር በመነገድ ነው። ማንም ያልነገደበት መንደርተኛ ዘላለም ጀማሪ ሆኖ ይቀራል። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን የአልማዝ ገበሬያችንን በስም መለያ «ጋሽ ካሮት» ብሎታል፣ እኔም በዚያው ነው የምጠራው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ካፒታል ለሌለው ሰው መነሻው ፍሌቸር የሚባለው ፍላጻ ሠሪ ነው። 32 ዱላ በ1 ኤመራልድ ይገዛል። አንድ ግንድ 4 ጣውላ ይወጣዋል፣ 2 ጣውላ 4 ዱላ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ግንድ 8 ዱላ፣ 4 ግንድ 1 ኤመራልድ ማለት ነው። ሙሉ አንድ ክምር፣ ማለትም 64 ግንድ፣ 16 ኤመራልድ ያመጣል። ፍሌቸሩም በአንድ ዙር የሚገዛው 16 ጊዜ ነው፣ ከዚያ ይዘጋል። አንድ ክምር እንጨት ይዛችሁ ሄዳችሁ ሁሉንም ሸጣችሁ ትመለሳላችሁ፣ ምንም አይተርፍም፣ ምንም አይጎድልም። ይህን መጀመሪያ ስደምረው ደስ ያለኝን ያህል የመጋዘን ሂሳብ ሲገጥምልኝ ብቻ ነው ደስ የሚለኝ።

የተዘጋው ንግድ የሚከፈተው መንደርተኛው ወደ ሥራ ዕቃው ሄዶ ሲሠራ ነው። በቀን እስከ 2 ጊዜ፤ የጨዋታው ቀን ደግሞ 20 ደቂቃ ነው። የሥራ ዕቃው ከተሰበረ ወይም መንገዱ ከተዘጋበት ዕቃ አይሞላም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨዋታው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ ሰውየው ሥራ ቦታው መድረስ አቅቶት ነው።

ዋጋውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱን ዕቃ ጨርሳችሁ ደጋግማችሁ ከነገዳችሁበት፣ በሚቀጥለው ዙር 32 የነበረው ዱላ ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ለጥቂት ጊዜ ከተዋችሁት ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ፍሌቸር ላይ ከመዝመት ሁለት ሦስት ይዞ ማፈራረቅ፣ ድንችና ካሮትም ጎን ለጎን መሸጥ ያዋጣል። ገበሬው 26 ድንች ወይም 22 ካሮት በ1 ኤመራልድ ይወስዳል። ክለሪክ የሚባለው ካህን ደግሞ ከዞምቢ የሚወድቀውን የበሰበሰ ሥጋ 32ቱን በ1 ይገዛል። ሌላ ማንም የማይፈልገውን ነገር የሚገዛ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ግን እኔን የማረከኝ ወሬው ነው። መንደርተኞቹ ከሰዓት በኋላ ደወሉ አጠገብ ይሰበሰቡና ያወራሉ። ከሚያወሩት አንዱ እናንተ ናችሁ። አንዱን ብትመቱት ዋጋው ይጨምርባችኋል፤ ሲገናኙ ወሬው ወደ ሌሎቹ ያልፍና ነክታችሁት የማታውቁት ሰው ጭምር ያስወድድባችኋል። ስማችሁ በጣም ከጠፋ የብረት ዘበኛው ራሱ ይነሳባችኋል። በተቃራኒው በደንብ ስትነግዱ ዋጋው በትንሹ ይቀንሳል። መንደሩን ከወራሪ ከተከላከላችሁ ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ቅናሽ ያደርጋሉ። ይህን ሁሉ የሚያስረዳ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ የለም። የቀድሞው ዋጋ ላይ መስመር ተሰምሮ አዲሱ ቁጥር ከጎኑ ሲመጣ ታያላችሁ፣ በቃ። ምክንያቱን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ትልቁ ቅናሽ የሚገኘው በማዳን ነው። ዞምቢ የነከሰው መንደርተኛ ራሱ ዞምቢ ሊሆን ይችላል። በከባዱ ደረጃ ሁሌም ይሆናል፣ በመካከለኛው በግማሽ ዕድል፣ በቀላሉ ደረጃ ግን ይሞታል። የሚያደክም መድኃኒት ወርውራችሁበት የወርቅ ፖም ስትሰጡት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ከፀሐይ ስትከላከሉት ይድናል። ያዳናችሁት ሰው ውለታ አይረሳም፣ የቅናሹም አብዛኛው ክፍል በጊዜ አይጠፋም። ድሮ ሰዎች አንዱን መንደርተኛ ሆን ብለው ደጋግመው እያስነከሱ፣ ደጋግመው እያዳኑ ሁሉንም ነገር በ1 ኤመራልድ ይገዙ ነበር። በ2023 የወጣው 1.20.2 ይህን አስቀረ፤ ቅናሹ አሁን የሚሰጠው ለመጀመሪያው ማዳን ብቻ ነው። ብዙ ተጫዋች ተናድዷል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። አስነክሶ ማዳን ውለታ አይደለም።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ጉድለቱ ላይብረሪያኑ ነው። ጀማሪ ላይብረሪያን አስማታዊ መጽሐፍ፣ ማለትም ለመሣሪያና ለልብስ ልዩ ኃይል የሚሰጥ መጽሐፍ ሊሸጥ ይችላል። ሁሉም የሚፈልገው ሜንዲንግ የሚባለውን፣ ዕቃን በልምድ ነጥብ የሚጠግነውን ነው። ዋጋው ከ10 እስከ 38 ኤመራልድና አንድ ተራ መጽሐፍ ነው። ችግሩ ከላይብረሪያኑ ጋር ገና ካልነገዳችሁ አትሮንሱን ሰብራችሁ መልሳችሁ ስታስቀምጡት የሚሸጠው ይቀየራል። ስለዚህ ተጫዋቹ መንደርተኛውን በአንድ ጉድጓድ ይዘጋበታል፣ አትሮንሱን ይሰብራል፣ ያስቀምጣል፣ ያያል፣ ይሰብራል። ሜንዲንግ እስኪመጣ። ይህ ንግድ አይደለም። ዕጣ ማውጣት ነው፣ ያውም ነፃ ዕጣ። እዚያው አንድ ሜዳ ላይ ቆሞ በጨዋታው ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ከሞላ ጎደል ሁሉ ማግኘት ይቻላል። መጓዝ አያስፈልግም፣ ሌላ መንደር ማወቅ አያስፈልግም። ወሬን፣ ውለታን፣ ፍላጎትን ያሰበ ሥርዓት እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ያጣል። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የቀረው በጣም ጥሩ ነው።

መፍትሔው ግን እዚያው ጨዋታው ውስጥ አለ። ከ1.20.2 ጀምሮ በሙከራ መልክ የቀረበ የንግድ ማመጣጠኛ አለ። አዲስ ዓለም ስትፈጥሩ ከሙከራዎቹ ዝርዝር ውስጥ ታበሩታላችሁ። እሱ ሲበራ የየአካባቢው ላይብረሪያን የራሱ መጻሕፍት ይኖሩታል። ለአዋቂው ላይብረሪያን ብቻ የተጠበቀም አለ። በበረሃው ቁፋሮ የሚያፈጥነው ኤፊሸንሲ 3፣ በበረዶው የተቆፈረውን እንዳለ የሚያነሳው ሲልክ ተች፣ በረግረጉ ሜንዲንግ። አትሮንስ በመሰባበር አይገኝም፤ ሰውየውን እስከ አልማዙ ምልክት አሳድጋችሁ ነው የምታገኙት። ብዙዎች ይከብድብናል ብለው አያበሩትም። መጋዘናችን በር ላይ የአዳ ነጭ ጤፍ የጠየቀ ገዢ ከየት እንደመጣ ሳይሰማ ዋጋ አይነጋገርም፤ ዕቃ አገር ሲኖረው ነው ንግድ የሚጣፍጠው። ስለዚህ ይህን ጨዋታ ለንግዱ ብላችሁ የምትጀምሩ ከሆነ ሙከራውን አብሩት። ያለ እሱ ያለው ገበያ ጥሩ ነው፣ ከእሱ ጋር ያለው ግን የሚያስጉዝ ነው።

ለሚጀምር ሰው ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ ፍሌቸር፣ ቀጥሎ ገበሬ። ገበሬውን እስከ መጨረሻ አሳድጉት፤ አዋቂ ሲሆን 3 የወርቅ ካሮት በ3 ኤመራልድ ይሸጣል፣ ከዚያ በኋላ የምግብ ነገር አያሳስባችሁም። መሣሪያ ሠሪዎቹ መጨረሻ ላይ የአልማዝ ዕቃ ይሸጣሉ። እነሱን አትቸኩሉባቸው፣ ውድ ናቸው። ለሁሉም አልጋ፣ መብራትና የሚዘጋ በር አዘጋጁ። ሌሊት አንድ ዞምቢ ከገባ ያሳደጋችሁት ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ለላማ ጎታቹ ተጓዥ ነጋዴ ብዙ አትክፈሉ፣ የሚሸጠውን አብዛኛውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ማመጣጠኛውን ካበራችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ረግረግ ላይ መንደር በራሱ አይበቅልም። እናንተ ናችሁ የምትመሠርቱት። ሁለት መንደርተኞችን በጀልባ ጭናችሁ ታመጣላችሁ። ጀልባ ውስጥ ከገቡ አይወጡም፣ በውሃ ደግሞ ፈጣን ነው። አልጋ ትዘረጋላችሁ፣ ዳቦ ትወረውሩላቸዋላችሁ፤ ለእያንዳንዱ 3 ይበቃል፣ አልጋው ግን ከሰዎቹ ቢያንስ በአንድ መብለጥ አለበት። የሚወለደው ልጅ የረግረግ ልብስ የመልበስ ዕድሉ ግማሽ ነው፣ ካልሆነ ወላጆቹን ይመስላል። ሜንዲንግ የሚሸጠው የረግረግ ልብስ የለበሰው ብቻ ስለሆነ ሌላ እስኪወለድ ትጠብቃላችሁ። ሲያድግ አትሮንስ ስጡት፣ ወረቀት 24ቱን በ1 ኤመራልድ ሽጡለት፤ ወረቀት የሚሠራው ከሸንኮራ ስለሆነ ሸንኮራውን ቀድማችሁ ዳር ዳሩን ትከሉ፣ ሰውየውን ለማሳደግ ብዙ ወረቀት ይፈልጋል።