ቃሊቲ በእንፋሎት ያስደረቅኩት ባህር ዛፍ

እርጥብ እንጨት በእንፋሎት ይደርቃል ሲሉኝ ስቄ ነበር። እርጥብን በእርጥብ? ባለፈው ክረምት የሠራሁት የባህር ዛፍ በር ደንበኛዬ ቤት በገባ በወሩ ተጣሞ አልዘጋ ሲል ግን ሳቁ ቀረ። ሦስት ወር ጥላ ሥር የከረመ ሁለት ኪዩብ ጣውላ አይሱዙ ላይ ጭኜ ቃሊቲ ጫፍ ያለ ማድረቂያ ቤት ወሰድኩ። ስሙን ልተወው፣ የማማውም አለኝ።

የቦይለሩ እንፋሎት በቱቦ እየዞረ ክፍሉን ያሞቃል፣ ማራገቢያው ሙቁን አየር በጣውላዎቹ መሀል ይነዳል። ዋናው ጥበብ ግን አልፎ አልፎ እንፋሎቱን እንጨቱ ላይ መልቀቁ ነው። ላዩ ቀድሞ ከደረቀ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይሰነጠቃላ! ስለዚህ ላዩን እያለሰለሱ የውስጡን ውሃ ቀስ ብለው ያወጡታል። ባህር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ፊቱ ይሰረጎዳል። በመጣበት አገር፣ አውስትራሊያ፣ ማድረቁ ሊያልቅ ሲል በእንፋሎት አጥነው ይመልሱታል፤ እዚህም እንደዚያው አደረጉ። በእኛ ከፍታ ውሃ 92፣ 93 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ክፍሉ 100 አይደርስም፣ ሰዓቱን አስረዝመው ነው ያካካሱት። አብዛኛው ስርጉድ ሞልቶ ወጥቷል።

ስረከብ የእርጥበት መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። ጠርዙ ላይ 11 በመቶ። አላመንኩም፣ አንዱን ከመሀል አስቆረጥኩት፤ 13። ለቤት ዕቃ ከ8 እስከ 12 ነው የምፈልገው፣ ለበር ይሁን አልኩ። ከቁራጩ ላይ እንደ ሹካ ሁለት ጣት አወጣሁለት፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ አልታጠፉም። ውጥረት አልያዘም ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ኮፍያዬን አነሳሁ።

አሁን ወደ ሐሜቱ። እንፋሎቱ የዛገው ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የላይኛው ረድፍ ስድስት ጣውላ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ መጣ፣ ሁለት ሚሊ ልጌው እንኳ አልለቀቀም። «ቀለም ይሸፍነዋል» አለኝ የማድረቂያ ቤቱ ልጅ። ወንድሜ፣ እኔ ቫርኒሽ ነው የምቀባው! ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ማራገቢያው እየቆመ 12 ቀን የተባለው 17 ቀን ፈጀ። ደውዬ ካልጠየቅኩ የሚነግረኝም አልነበረም።

ዋንዛ ቢሆን ብሬን አላወጣም፣ በደንብ ደርድረው ጥላ ሥር ካቆዩት ያን ያህል አያስቸግርም። ለባህር ዛፍ ግን እመለሳለሁ፣ ከላይ የምደርበው አሮጌ ኮምፔንሳቶ ይዤ።