ቆሮሶ ብለው አምባዛ አቀረቡልን

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ካሉት ሬስቶራንቶች በአንዱ እሁድ ከእማዬ ጋር ምሳ በላን። ስሙን አልጠራም። ቦታው ነፋሻ ነው፣ ጥላ አለው፣ ምግቡም ቶሎ ይደርሳል። ቅሬታዬ በዓሣው ነው።

ያዘዝነው የቆሮሶ፣ ማለትም የቲላፒያ፣ ፊሌቶ ነበር። የመጣው አምባዛ ነው፣ ያ ጢም ያለውና ቅርፊት የሌለው ዓሣ። የቆሮሶ ፊሌቶ ትንሽና ስስ ነው፤ ከአንድ ጎኑ የሚወጣው ሥጋ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። እኛ ፊት የተቀመጠው ረጅም፣ ወፈር ያለ ቁራጭ ነው። የተጠበሰውን ዱቄት በሹካ ገለጥ ሳደርገው ሥጋው ጠቆር ያለና ቅባታም ነው። ሎሚ ብጨምቅበትም ያ የጭቃ ጠረን አልጠፋም።

አምባዛን እየናቅሁ አይደለም። ጉላሽ ሲሆን እኔም እወደዋለሁ። እማዬ ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ በአፏ አይዞርም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል፣ ይህን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በአገራችን ብዙ ነው። ስነግራት የጎረሰችውን በሶፍት ተፋች። ከዚያ ተነስታ አፏን ልትጉመጠመጥ ሄደች። ምሳውም እዚያው አበቃ።

አስተናጋጁን ጠራሁት። «እህቴ፣ ያው ዓሣ ነው፣ ከዚሁ ሐይቅ የወጣ» አለኝ። ኃላፊው ሲመጣ ግን ቆሮሶ ዛሬ እንዳልገባላቸው አመነ። ታዲያ ስናዝ ለምን አልተነገረንም? ሂሳቡም የመጣው በቆሮሶ ዋጋ ነው። ይሄ በጣም አናደደኝ።

ሜኑው ላይ ደግሞ «የሐዋሳ ነጭ ዓሣ» የሚል አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ነጭ ዓሣ (ናይል ፐርች) የለም! ነጭ ዓሣ የጫሞ፣ የአባያና የጋምቤላ ነው። ከአርባ ምንጭ በበረዶ ተጭኖ ከመጣ እንደዚያው ብለው ይጻፉት፣ እኔ በደስታ እበላዋለሁ።

ለዓሣ ብላችሁ ሐዋሳ ከመጣችሁ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣው ከነራሱ፣ ከነቅርፊቱ ታዩታላችሁ። ልጆቹ እዚያው ፊታችሁ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሆዱን ከፍተው ያዘጋጁታል። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ ይበላል፣ ሾርባም አለ። ወንበሩ አይመችም፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ከእግር ሥር አይጠፉም፣ ግን የምትበሉትን ታውቃላችሁ።

ሬስቶራንት ከሆነ ሙሉ ጥብስ እዘዙ። ቆሮሶ ጎኑ ተሰንጥቆ ከነራሱ ይጠበሳል፣ ጢም ያለው አምባዛ በእሱ ቦታ ሊገባ አይችልም። በተለይ በሁዳዴ፣ ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ፣ ዱቄት የለበሰ ፊሌቶ አልመክርም። የግድ ፊሌቶ ካማራችሁ ከመጠበሱ በፊት ጥሬውን አሳዩኝ በሉ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ሳህን ላይ አድርጎ ያመጣላችኋል።